ለማስተርስ የተላኩ ሽማግሌዎች

አንዲት ሴት ነበረች። እምቢ ማለት የማትችል።

ቆይ፣ ቆይ! ገና ሳልጀምር ጎናችሁ ያለውን ሰው አትጎሽሙ። የማወራው ስለ እናንተ ነው፤ ስለ ጎናችሁ ሰው አይደለም።

ይህች ሴት ጤነኛ ናት። ሥራ አላት። አዲስ አበባ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታ ትኖራለች። ስም እንስጣት፤ ስም ለሌለው ሰው ማንም አያዝንም። ትርሲት እንበላት።

ትርሲት ምን ትሠራ ነበር መሰላችሁ? ስልክ የምታነሳ ማሽን ነበር የምትሠራው። ለክሊኒኮች ቀጠሮ የሚይዝ ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ድርጅት ነበረ፤ እዚያ ነው የተቀጠረችው። የታመመ ሰው ወደ ክሊኒኩ ይደውላል። ሰው አያነሳም፤ ማሽን ናት የምታነሳው። «እንደምን ዋሉ፤ ስምዎንና የሚፈልጉትን ሐኪም ይናገሩ» ትላለች፤ ድምጿ ደግሞ የሙሽራ ነው። ሰውየው ይናገራል። ማሽኗ ትሰማለች፤ ቀጠሮ ትይዛለች።

ትሰማለች አልኩ? ወጣት ሲደውል ትሰማለች። አዲስ አበባ ያደገ ሲደውል ትሰማለች። ጥርሳቸው የወለቀ አባት ሲደውሉስ? ከገጠር የመጡ እናት ሲደውሉስ?

«ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም። እባክዎ ይድገሙ።»

ይደግማሉ።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም።»

ይጮኻሉ። ጎረቤት ሁሉ ምን ሆኑ ብሎ ይወጣል።

«ይቅርታ…»

አያናድድም? ትርሲትን ያናድዳት ነበር። ሥራ አልቆ ሌሎቹ ወደ ታክሲ ሰልፍ ሲሮጡ እሷ ቁጭ ብላ የእነዚያን ሽማግሌዎች ድምፅ ደጋግማ ትሰማለች። ማሽኗ ለምን አትሰማቸውም? እዚህ ጋ ታስተካክላለች፣ እዚያ ጋ ትለውጣለች፤ ያው ናት። አንድ ቀን ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈችና ለራሷ እንዲህ አለች፦

«የማውቀው እዚህ ድረስ ነው። ከዚህ በላይ መማር አለብኝ።»

ይህችን ቃል ያዙልኝ። «የማውቀው እዚህ ድረስ ነው።» ይህን ማለት የሚችል ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። አንዳንዶቻችን ግን የምናውቀው የት ላይ እንዳለቀ አናውቅም፤ ሳናውቅ አልፈን ሄደን ሰው እንመክራለን።

እግዚአብሔር ሲሰጥ ደግሞ ተመልከቱ። በዚያው ሰሞን ድርጅቱ ሁለት ሠራተኛ ከፍዬ አስተምራለሁ አለ። አንዱ ኤምቢኤ ይማራል፤ አንዱ የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ። በሥራው የቆየችው ትርሲት ስለሆነች ቀድማ ትመርጣለች። የተረፈው ለምንተስኖት ነው። ምንተስኖት አብሯት የሚሠራ ልጅ ነው።

ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ እኔም ጠይቄ ነው ያወቅኩት። ኤምቢኤ የአስተዳደር ትምህርት ነው። ሰው መምራት፣ ገንዘብ መምራት፣ ገበያውን ማወቅ። ሌላኛው፣ ቴክኒኩ፣ ማሽኑ ሆድ ውስጥ መግባት ነው። አንዱ ሱቁን ከፊት ያቆማል፤ ሌላው ዕቃውን ከኋላ ይሠራል። ዕቃ የሌለው ሱቅ ምን ያደርጋል? ሱቅ የሌለው ዕቃስ ማን ያየዋል? ሁለቱም ያስፈልጋል። ኤምቢኤ ኃጢአት ነው አላልኩም! እዚያ ጥግ ላይ ሁለት ሰዎች ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። አይዟችሁ፣ ትድናላችሁ።

ታዲያ ትርሲት የቱን ነው የምትፈልገው? እናንተ እንኳ አወቃችሁ። ገና አሁን የሰማችኋት እናንተ አወቃችሁ! እሷ ግን አባት አላት።

አባቷ ጋሽ ይርዳው ይባላሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት የስልክ መስመር በመጠገን ነው፤ ምሰሶ ላይ በመውጣት። የማስተርሱን ወሬ ሲሰሙ ልጃቸውን ጠሩና እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ ስሚኝ። እኔ ምሰሶ ላይ ነበርኩ፤ አለቃዬ መኪና ውስጥ። ዝናብ ሲመጣ እሱ መስኮቱን ይዘጋል፤ እኔ ምኑን ልዝጋ? መስመርና የልብስ ማስጫ ገመድ የማይለይ ሰው ከታች ሆኖ ‹ፍጠን!› ይለኝ ነበር። ልጄ ምሰሶ ላይ እንድትቀር አይደለም ያስተማርኳት። ኤምቢኤውን ያዢ። መኪናው ውስጥ ግቢ።»

ምን ትላለች? አባት ናቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

እሺ አለች።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ምንተስኖት መጣ። ይህ ምንተስኖት እንዴት ያለ ልጅ መሰላችሁ? አንድ ደንበኛ ተቆጥቶ በሩን በርግዶ ሲገባ፣ ሌላው ሁሉ ኮምፒውተሩ ጀርባ ሲደበቅ፣ እሱ ነው ተነሥቶ የሚሄደው። ጠረጴዛ ሊገለብጥ የመጣውን ሰውዬ ሌላ ዕቃ አስገዝቶ፣ አስቆ ይሸኘዋል። ኮድ ጻፍ ሲሉት ግን ያዛጋል።

«ትርሲትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «አንቺ ቴክኒኩን ነው የምትወስጂው አይደል? አንቺ ከዚያች ማሽን ጋር ተጋብተሻል እኮ፤ የቀረሽ ቀለበት ነው። ስለዚህ እኔ ለኤምቢኤው ልዘጋጅ?»

ምን ትላለች? ጓደኛዋ ነው። ዓይኑ በተስፋ በርቷል።

እሺ አለች።

ለአባቷ እሺ። ለጓደኛዋ እሺ። አንድ ቤት ለሁለት ሰው አከራየች! የሰፈራችን ደላላ እንኳ ይህን አይደፍርም።

ውሸታም ናት? አይደለችም። ሌባ ናት? አይደለችም። ይሉኝታ ነው የያዛት። ይሉኝታ ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። ጠግባችሁ ያጎርሳችኋል። ቸኩላችሁ ያስቀምጣችኋል። ልባችሁ «እምቢ» እያለ አፋችሁን «እሺ» ያሰኘዋል። ከዚያ ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ እናንተ ከውሸታችሁ ጋር ትቀራላችሁ።

ጋሽ ይርዳው ደስ ብሏቸው የት ሄዱ? ዕድር! የዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ልጄ ሥራ አስኪያጅ ልትሆን ነው፤ ለዚሁ ልትማር ነው» አሉ። ዕድሩ አጨበጨበ። ዕድር ሲያጨበጭብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለጋሽ ይርዳው ግን አጨበጨበ።

ምንተስኖትስ የት ሄደ? ክራባት ሊገዛ።

ትርሲት መሐል ላይ ቀረች። አባቷ ይደውላሉ።

«ተመዘገብሽ?»

«እሺ አባዬ፣ ነገ።»

ነገም ይደውላሉ።

«እሺ አባዬ፣ ሰሞኑን።»

አባት ደግሞ የልጁን እሺ ያውቃል። የእውነት እሺ አጭር ናት። የውሸት እሺ ግን ጭራ አላት። «እሺ፣ ነገ።» «እሺ፣ ላስብበት።» «እሺ፣ እደውልልሃለሁ።» አሁን የሳቃችሁት ጭራችሁን ስላያችሁ ነው።

ጋሽ ይርዳው ጭራውን አዩ። ምን አደረጉ? ሽማግሌ ላኩባት!

በገዛ ልጃቸው ላይ! ሽማግሌ ለምንድን ነው የሚላከው? ልጃችሁን ለልጃችን ለማለት ነው። የተጣላ ለማስታረቅ ነው። ለማስተርስ ሽማግሌ ሲላክ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲህ ስሙ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሰኞ ጠዋት ትርሲት ምርጫዋን ለድርጅቱ ማሳወቅ አለባት። በር ተንኳኳ። ከፈተች። ሦስት ሰዎች። ፊት የቆሙት ጋሽ ጥላዬ ናቸው፣ የዕድሩ ሰብሳቢ። አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው እያለከለኩ ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቀጥለው እትዬ ዘርፈሽዋል፣ የአባቷ ጎረቤት፤ የእሳቸውን ምላስ ሰፈሩ በሙሉ ይፈራዋል። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ናቸው፤ ሽማግሌ ሦስት ካልሆነ አያምርም ተብለው የመጡ።

«እንዴ! ግቡ፣ ግቡ! ቁጭ በሉ!» አለች።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ጥላዬ፣ ገብተው የበሩን መቃን ይዘው። «ለጉዳይ ነው የመጣነው። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ እሺ እስኪባል ይቆማል። ትርሲት ሳቋ መጣ።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ማን ሊያገባኝ ነው?»

«ማን ያገባሻል!» አሉ እትዬ ዘርፈሽዋል። «ባል ቢሆንማ ይሻል ነበር። ትምህርት ነው!»

«ዘርፌ፣ እኔ ልናገር» አሉ ጋሽ ጥላዬ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን ትርሲት። አባትሽ ይርዳው ልከውናል። አባትሽ በፀሐይ ነደው በዝናብ በስብሰው ያሳደጉሽ ናቸው። አሁን ደግሞ ለዚህ ኤም… ኤም…»

«ኤምቢኤ» አሉ ዝምተኛው ሰውዬ። ያን ቀን ከተናገሩት ሁሉ ይህ ብቻ ነው።

«ለእሱ! ለእሱ ትምህርት እሺታሽን እንድትሰጪን በሽምግልና ቆመናል።»

ትርሲት የጋሽ ጥላዬን ጉልበት አየች። ሲንቀጠቀጥ አየች። አፏን ከፈተች። ምን ልትል ይመስላችኋል? «እሺ» ልትል!

በሩ ተንኳኳ።

ምንተስኖት ነው። ክራባቱን አድርጓል! በቅዳሜ ምድር! በፌስታል ብርቱካን ይዟል።

«ትርሲትዬ፣ እንኳን ደስ ያለን! ሰኞ እኮ…» ሽማግሌዎቹን አየ። ወሬውን አቁሞ ጎንበስ አለ። «ጤና ይስጥልኝ። ይቅርታ… ሽምግልና ነው እንዴ? ማነው ዕድለኛው?»

«አንተስ ማነህ?» አሉ እትዬ ዘርፈሽዋል።

«ምንተስኖት እባላለሁ እትዬ። የሥራ ባልደረባዋ ነኝ። ኤምቢኤውን የምማረው።»

«የቱን ኤምቢኤ?» አሉ ጋሽ ጥላዬ።

«ያለው አንድ ነው አባቴ።»

ከዚያ ሁሉም ዞረው እሷን አዩ። ሦስት ሽማግሌና አንድ ባለ ክራባት። ትርሲት የምትገባበት ቀዳዳ ፈለገች፤ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ቀዳዳ የለውም።

ምንተስኖት ገባው። ፈጣን ልጅ ነው። ብርቱካኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«አባትሽን እሺ ብለሻቸዋል?»

ትርሲት ብርቱካኑን አየች።

«እኔንም እሺ ብለሽኛል።»

ክራባቱን አየች።

«ትርሲት፣ ሌላ ድርጅት ጠርቶኝ ነበር እኮ። ጥሩ ሥራ ነበር። ትምህርት ልጀምር ነው ብዬ መለስኳቸው። በአንቺ እሺ ነው የመለስኳቸው።» ድምፁ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻላት ነበር። «እምቢ ብትይኝ እኮ አልቀየምሽም ነበር። መንገዴን እፈልግ ነበር።»

አያችሁ? ሰው ላለማስቀየም ያለችው እሺ የሰው እንጀራ ወሰደ። ይሉኝታችሁ እናንተን ብቻ የሚጎዳ ይመስላችኋል? እናንተ የማትፈልጉት ወንበር ላይ ስትቀመጡ፣ ያን ወንበር የሚፈልግ ሰው ቆሞ ይቀራል። ደግሞም የእናንተ ወንበር ባዶውን ያድራል። ሁለት ሰው ያለ ቦታው!

ጋሽ ጥላዬ ግን የመጡበትን አልረሱም። «በይ ልጄ፣ የወጣቱን ነገር በኋላ እናየዋለን። ጉልበቴ ሊከዳኝ ነው። ለአባትሽ ያልሻትን እሺ ድገሚልንና እንቀመጥ።»

አንድ ቃል ናት። አንድ ቃል ብትል ሽማግሌው ይቀመጣሉ፣ አባቷ ይደሰታሉ፣ ዕድሩ ያጨበጭባል። አንድ ቃል!

ትርሲት ከአጠገቧ የነበረውን ወንበር ወደ ግድግዳው ገፋችው። ቀጥ ብላ ቆመች።

«ጋሽ ጥላዬ፣ እናንተ ከቆማችሁ እኔም እቆማለሁ። እስከፈለጋችሁት ድረስ አብሬያችሁ እቆማለሁ። እሺ ግን አልልም።»

«ምን አልሽ?»

«እምቢ አልኩ።»

ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ደፋር ሰው ድምፁ አይንቀጠቀጥም ያላችሁ ማነው? ይንቀጠቀጣል። ግን ይወጣል!

«ሽማግሌ ቆሞ እምቢ?» አሉ ጋሽ ጥላዬ።

«ይቅር በሉኝ። ኤምቢኤ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የእኔ አይደለም። ስብሰባ ላይ ስቀመጥ መቼ ያልቃል እያልኩ ነው። ሰው ማዘዝ ያስጨንቀኛል። ያቺ ማሽን ሰው ሳትሰማ ስትቀር ግን ምግብ አይበላልኝም።»

«የትኛዋ ማሽን?» አሉ እትዬ ዘርፈሽዋል።

«ስልክ አንስታ የክሊኒክ ቀጠሮ የምትይዘዋ።»

እትዬ ዘርፈሽዋል ፊታቸው ጠቆረ። «ያቺ ‹አልሰማሁዎትም› ባይዋ?»

«አዎ።»

«ያቺ ደንቆሮ! ለዓይኔ ሐኪም ፈልጌ ደውዬላት፣ ‹ዘርፈሽዋል› ስላት ‹ይቅርታ›፣ ‹ዘርፈሽዋል!› ስላት ‹ይቅርታ›! ሰፈሩ በሙሉ ስሜን ሰማ፣ እሷ ብቻ አልሰማችም! መጀመሪያ ለራስሽ ጆሮ ሐኪም ፈልጊ ብዬ ዘጋሁባት። ይኸው ዓይኔም እንዳለ ነው። የማን ሥራ ናት?»

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይላል? «የድርጅቱ ናት» ይላል። «እኔ ክፍሌ ሌላ ነው» ይላል።

«የእኔ ናት» አለች ትርሲት። «ያልሰማችዎት የማውቀው እዚያ ድረስ ስለሆነ ነው። ልማር የምፈልገው እሱን ነው እትዬ። እንዲህ ያለውን ድምፅ እንድትሰማ ማድረግ።»

«ኤምቢኤውን ብትማሪስ አትሰማም?» ጠየቁ ጋሽ ጥላዬ።

«ኤምቢኤውን ብማር እንዴት እንደምትሸጥ አውቃለሁ። መሸጡን ደግሞ እዚህ የቆመው ልጅ ሳይማር ከእኔ ይበልጣል። ቢማር የት እንደሚደርስ አስቡት።»

እትዬ ዘርፈሽዋል ዞር ብለው ወንበር ሳቡ። ዱብ ብለው ተቀመጡ።

«ዘርፌ! ጉዳያችን መቼ ተፈጸመ?»

«ለእኔ ተፈጽሟል! ዓይኔ ከኤምቢኤ ይበልጥብኛል።»

ዝምተኛው ሰውዬም ተቀመጡ። ማንንም አላስፈቀዱም።

ጋሽ ጥላዬ ብቻቸውን ቀሩ። «ታዲያ አባትሽን ምን ልበላቸው?» አሉ። ይህ ቀልድ አልነበረም። ሰውየው የተላኩ ናቸው።

«እርስዎ ምንም አይበሉ» አለች ትርሲት። «እሺ ያልኩት በራሴ አፍ ነው፤ የምመልሰውም በራሴ አፍ ነው። አባዬ የት ነው?»

«ታች ነው ያሉት፤ መኪና ማቆሚያው ጋ።»

«ጋሽ ጥላዬ፣ ቁጭ ይበሉ። በእግዜር ይዤዎታለሁ።»

ወረደች። አራት ፎቅ! ከዚያ ሁሉ ነገር ከባዱ ይህ ነበር። ሽማግሌ ፊት እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ደረጃውን መውረድ ግን ከዚያ ይብሳል። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ «ተመለሺና እሺ በይ» የሚል አለ።

ጋሽ ይርዳው ሲያዩዋት ፈገግ አሉ። እሺ ብላ መስሏቸው ነዋ።

«አባዬ፣ እሺ ያልኩህ ውሸት ነበር።»

ፈገግታው ወረደ።

«ፈርቼህ አይደለም፤ ወድጄህ ነው የዋሸሁህ። ግን ዋሽቼሃለሁ። ቴክኒኩን ነው የምማረው።»

«ምሰሶ ላይ ልትቀሪ ነው?»

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስለ ዝናቡ ነግረኸኛል። ስለ አለቃህ ነግረኸኛል። መስመሩ ሲገናኝስ? እሱን ነግረኸኝ አታውቅም።»

መኪና ወጣ፣ መኪና ገባ። ጋሽ ይርዳው ቀና ብለው መንገድ ዳር ያለውን ምሰሶ አዩ።

«ሃሎ ይላል» አሉ በመጨረሻ። «ከወዲያ ጫፍ። የማላውቀው ሰው። ‹ሃሎ› ሲል… ዝናቡን እረሳዋለሁ።»

«እኔም የምፈልገው እሱን ነው፣ አባዬ።»

አቀፏት? መረቋት? አላቀፏትም። እንዲህ ቶሎ የሚታረቁ አባቶች የእናንተ ከሆኑ ተመስገን በሉ። ጋሽ ይርዳው ያሉት «ለዕድሩ ምን እላለሁ? አጨብጭበዋል እኮ» ነው። ከዚያ ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ሄዱ። ሰነባበተ፤ አልደወሉም።

ትርሲት ግን ሰኞ ጠዋት ሄዳ ምርጫዋን ተናገረች። ምንተስኖት ኤምቢኤውን ወሰደ፤ እንዲህ በቶሎ ግን ይቅር አላላትም፣ ልክም ነው። እሷ ትምህርቷን ጀመረች። ከበዳት። አለቀሰች። ቀጠለች።

አንድ ቀን ስልኳ ጠራ። አባቷ ናቸው።

«ያቺ ማሽንሽ ጋ ደወልኩ» አሉ።

«እሺ አባዬ?»

«አልሰማችኝም።»

ትርሲት ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ጠንክረሽ ተማሪ» አሉና ዘጉት።

በቃ። ከዚህ የበለጠ ምርቃት ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አውቃለሁ፣ እዚህ ስትደርሱ ነው ሰዓት የምታዩት።

«እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ስለ ማስተርስ ምን አገባኝ?» ያልሽው አንቺ፣ ሰምቼሻለሁ። እኔ ጆሮ አለኝ፤ እንደ ማሽኗ አይደለሁም። የማወራው ግን ስለ ማስተርስ ብቻ ነው እንዴ? ከመካከላችሁ ነርስ መሆን ሳትፈልግ ለነርስነት የምትማር የለችም? መካኒክ መሆን የሚፈልግ፣ እጁ ብረት ሲነካ ልቡ የሚሞቅ፣ ግን አጎቱ አካውንቲንግ ስላሉት አካውንቲንግ ላይ የሚያንቀላፋ የለም? ሰው መምራት ተሰጥቶት፣ «ቴክኖሎጂ ነው የሚያዋጣው» ስለተባለ ብቻ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ የሚውል ምንተስኖት እዚህ የለም?

እንግዲህ ማንን ነው የምትጠይቁት? ጎረቤት? ጎረቤት ለእናንተ የሚመርጠው እሱ ያጣውን ነው። አባት? አባት የሚመርጥላችሁ እሱ የቆሰለበትን ቦታ እንዳትነኩ ነው። ፍቅር ነው፤ አውቃለሁ ፍቅር ነው! ግን መኪና ውስጥ መግባት የአባታችሁ ሕልም ነው፤ የእናንተ ሕልም ሃሎ መባል ከሆነስ?

ራሳችሁን ጠይቁ። የትኛው ሥራ ነው ሲበላሽ ምግብ የማያስበላችሁ? የትኛው ድካም ነው ዝናቡን የሚያስረሳችሁ? ማንም ሳያጨበጭብ የምትሠሩት የቱን ነው? እግዚአብሔር የሰጣችሁ መክሊት እዚያ አካባቢ ነው ያለው። በመጨረሻው ቀን «የሰጠሁህን ምን አደረግክበት?» ብሎ ነው የሚጠይቃችሁ። «ዕድሩ አጨበጨበልህ ወይ?» አይልም። አይልም!

«እሺ ይበልጣል ከሺ» ሲሉን አድገናል። ደግ ነው፤ የእውነት እሺ ከሺ ይበልጣል። ጭራ ያላት እሺ ግን ከአንዲት ቀጥ ያለች እምቢ ታንሳለች። ሰው ስለቆመባችሁ ብቻ እሺ አትበሉ። እምቢ ስትሉ ደግሞ በስልክ መልእክት አይደለም፤ ስልክ አጥፍቶ በመጥፋትም አይደለም። ደረጃውን ውረዱ! አባታችሁ ፊት ቁሙና በራሳችሁ አፍ ንገሯቸው። ትርሲት አባቷን አክብራ ነው እምቢ ያለችው። ሽማግሌ ልካ አይደለም።

ከመካከላችሁ ጭራ ያላት እሺ ሰጥቶ የመጣ አለ። ለአንዱ እዚህ፣ ለሌላው እዚያ። አንድ ሰው ደግሞ በእናንተ እሺ ተማምኖ ክራባት ገዝቷል። ሰኞ ሳይደርስ ሂዱና ንገሩት።

አሁን ለጸሎት እንነሣለን። ሁልጊዜ «ተነሡ» ስለተባላችሁ ነው የምትነሡት። ዛሬ ግን ማንም ስላለው አትነሡ። ጎናችሁ ያለው ስለተነሣም አትነሡ። ሰኞ ጠዋት የምትናገሩትን በልባችሁ የቆረጣችሁ፣ እናንተ ብቻ ተነሡ። ጉልበታችሁ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም።

እኔ ቆሜያለሁ። እጠብቃችኋለሁ።